ለክላሪኔት፣ ለብቻዋ

ጡረታ የወጣሁት ከማርሽ ባንድ ነው። እዚያ የኖርኩት ሁለተኛ ክላሪኔት ሆኜ ነበር። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ዜማውን የሚይዙት አንደኛዎቹ ናቸው፤ እኛ ከሥር ሆነን እንደግፋለን። ስታዲየም ጨዋታ ሊጀመር ሲል ሜዳው ላይ ተሰልፈን ስንነፋ፣ እንግዳ ለመቀበል ፀሐይ ላይ ቆመን ስንጠብቅ፣ በበዓል ቀን ጎዳናውን ይዘን ስንወርድ ሰው ጆሮ የሚሰጠው ለእነሱ ነው። እኛ ብንቀር አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አይነግርህም። በዚህ ቅር ብሎኝ አያውቅም። መሃል መሆን ደስ ይላል። ትንፋሼ ሲያጥር ከጎኔ ያለችው ትይዝልኛለች፤ እሷ ስትተነፍስ እኔ እይዝላታለሁ። ማን መቼ እንደተነፈሰ ሰሚው አያውቅም።

ስወጣ አለቃችን አንድ ውለታ ዋሉልኝ። በዚያው ሰሞን አሮጌዎቹ መሣሪያዎች በአዲስ እየተተኩ ስለነበር፣ የእኔ አሮጌ ክላሪኔት ዕቃ ቤት ገብቶ አቧራ ከሚጠጣ ለእኔ እንዲሰጠኝ አስፈቀዱልኝ። ሳጥኑን በእጄ ሲያስይዙኝ «ሪዱን ደረቅ አድርገሽ አስቀምጪ» ብቻ አሉኝ፤ ከአፍ የምትገባዋን ቀጭን ሸምበቆ ማለታቸው ነው።

ቤታችን ቂርቆስ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም ሳይርቅ ከሌሎች ጋር የምንጋራው ግቢ ውስጥ። ባለቤቴ ወሎ ሰፈር ጎሚስታ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ጎማ ሲነቅልና ሲለጥፍ ውሎ ሲመሽ ይገባል። ልጆቻችን አግብተው ወጥተዋል። ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤቱን አጠብኩ፣ መጋረጃ ቀየርኩ፣ የማልወደውን ዘመድ ሳይቀር ጠየቅሁ። ከዚያ በኋላ ቀኑ ረዘመብኝ። አንድ ጠዋት ክላሪኔቱን ከሳጥኑ አውጥቼ የማውቀውን መንፋት ጀመርኩ። የማውቀው ደግሞ የሁለተኛውን ክላሪኔት ድርሻ ነው፤ ሌላ ምን አውቅና።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን አንዲት እናት ናቸው፤ የግቢው ሰው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። የድሬዳዋ ልጅ ናቸው። አባታቸው የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበሩ፤ እሳቸው ከፈረንሳይ መነኮሳት ዘንድ ተምረው፣ አዲስ አበባ መጥተው፣ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ስልክ ቤት ውስጥ መስመር ሲያገናኙ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ የፈረንሳይኛ ነው፣ ጣቢያው ማለት ነው ብለው የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ስንት ዓመት ስጠራው ኖሬ አላውቅም ነበር። ዓይናቸው ያለ መነጽር አያነብም፤ ጆሯቸው ግን አንድ ድምፅ አያመልጠውም።

አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ወጡና አጠገቤ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ምን እንደምነፋ ጠየቁኝ። ማርሽ ነው አልኳቸው።

«ማርሹንስ አውቄዋለሁ» አሉ። «ማለቴ፣ ስልክ ሳገናኝ አንዳንዴ መስመሩ ይበላሽና የአንዱ ወገን ብቻ ይሰማኝ ነበር። እሺ፣ አዎ፣ የት፣ እሺ ይላል ሰውየው። ያንቺም ልክ እንደዚያ ነው፣ ልጄ። ሌላኛው ሰው የት ሄደ?»

ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ስቀመጥ ግን ሳቁ ጠፋ። እውነታቸውን ነው። ከዜማው ተነጥሎ እኔ የምነፋው ነገር ለራሱ ትርጉም የለውም። በዚያ ሁሉ ዓመት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የራሴ የሆነ፣ ብቻዬን ብነፋው ሙሉ የሚሆን አንድ ነገር አልተማርኩም።

ስልኬን ይዤ መፈለግ ጀመርኩ። በመጀመሪያ ያገኘሁት ሁሉም የሚጫወተውን ነው፤ ቪዲዮው ላይ ያሉት ወጣቶች ጣታቸው እንደ ዝንብ ክንፍ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ አይቼ ተስፋ ቆረጥኩ። ቀስ በቀስ ግን አሮጌ ኖታ በነፃ የሚያስቀምጥ ድረ ገጽ ላይ ወደቅሁ። እዚያ ውስጥ እንደ ዋሻ ነው፤ አንዱ ወደ ሌላው ያስገባል። ፈረንሳዮቹ በሙዚቃ ትምህርት ቤቶቻቸው ተማሪ ለመፈተን ብለው ለክላሪኔት ብዙ አስጽፈዋል። ጥቂቶቹ ታዋቂ ሆነው ቀሩ። የቀሩት ተማሪው ተፈትኖባቸው፣ አልፎ ወይም ወድቆ ከወጣ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ስማቸው ባንድ ውስጥ ሲነሳ ሰምቼ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው የጻፏቸው። ስለ አንዳንዶቹ ብፈልግ ብፈልግ የተወለዱበት ከተማ እንኳ አልተገኘም።

አብዛኞቹ ፒያኖ ይፈልጋሉ። እኔ ፒያኖ ከየት ላመጣ ነው? ስለዚህ አንድ ረፋድ ገጾቹን ሳገላብጥ የፒያኖ መስመር የሌለበት፣ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ብቻ የሆነ ኖታ ሳገኝ ልቤ ደነገጠ። ወረቀቱ ቢጫ ነው፤ ጥጉ ላይ የደበዘዘ የቤተ መጻሕፍት ማኅተም አለ። መሃሉ ላይ አንድ ሰው በእርሳስ የትንፋሽ ምልክት አድርጎበታል። ያንን ቦታ ዝቅ ባለ ድምፅ ሞከርኩት፤ ትንፋሼ ያለቀው ልክ ምልክቱ ያለበት ላይ ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ በየት አገር እንደኖረ አላውቅም። ደረቱ ግን የእኔን ያህል ነበር። ያን ዕለት ለማላውቀው ሰው ምስጋና ተሰማኝ።

ፋይሉን ይዤ ካዛንቺስ ሄድኩ፤ ከባንዱ ዘመን ጀምሮ ኖታ የማስባዛበት ፎቶ ኮፒ ቤት እዚያ ነበር። ሰውየው ፕሪንት አድርጎ፣ በስቴፕለር አያይዞ ሰጠኝ። በሰልፍ ስንሄድ ኖታውን ንፋስ እንዳይወስድብን በመቆንጠጫ እንይዘው ነበር፤ ያንን እያስታወስኩ ወረቀቱን ደረቴ ላይ አቅፌ በእግሬ ተመለስኩ።

ችግሩ ጽሑፉ ነው። ኖታ የትም ኖታ ነው፤ ዳር ዳሩን የተጻፈው ግን ፈረንሳይኛ ነው። ስልኬ ሊተረጉምልኝ ሞክሮ ነበር፤ አንዱን ቃል «ተጎታች» ብሎ ሲሰጠኝ ተውኩት። ወረቀቱን ይዤ የእትዬን በር አንኳኳሁ።

መነጽራቸውን አደረጉ። ርዕሱ ሥር ባለው ቃል ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ለክላሪኔት፣ ለብቻዋ ይላል» አሉኝ።

«ለብቻው ማለት ነው?»

«ለብቻዋ። በፈረንሳይኛ ክላሪኔት ሴት ናት። ወንድ ብትሆን ኖሮ ቃሉ ሌላ ነበር።»

ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀብዬ ራሴ አየሁት፣ ማንበብ እንደምችል ሁሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ክላሪኔቷ ነው የምለው።

በዚያ ወረቀት ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሩኝ። መጀመሪያው ላይ «እንደ ልብ» ይላል፤ ማንም አይቆጥርብሽም ማለት ነው አሉ። ስልኬ ተጎታች ያለው ደግሞ «ሳትጎተቺ» ነው። እሱን ሲያነቡ ሳቁ፤ የጣቢያው ፈረንሳዊ ኃላፊ ሠራተኛው ሲያዘግም በኮሪደሩ የሚጮኸው ቃል ነው። እሳቸው ላይ ግን አንድም ቀን እንዳልጮኸ አከሉበት፤ በኩራት።

እንደ ልብ መንፋት ቀላል መስሎኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ከበሮው ሲቆጥርልኝ ኖሬ አሁን የሚቆጥር ሰው ሲጠፋ የት ልርገጥ? አንዱን ድምፅ ይዤ መቼ እንደምለቀው አላውቅም። ትንፋሼም ያሳፍረኝ ጀመር። በባንዱ ውስጥ የማይሰማው ትንፋሽ አሁን ክፍሉን ይሞላዋል። እንዲያም ሆኖ በየቀኑ፣ ባለቤቴ ከወጣ በኋላ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ እነፋለሁ። አንዳንድ ቀን ከግድግዳው ማዶ እትዬ ይስላሉ፤ ስህተቴን የሚነግሩኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው፤ ጉንፋን ነው አሉኝ።

ሙዚቃው ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ አንድ ሰው የረሳውን ነገር ለማስታወስ የሚሞክር ይመስላል። ከዚያ ጭፈራ የመሰለ ፈጣን ነገር ይመጣል፤ ጣቶቼን ያሠቃየው እሱ ነው። ፍጥነቱ ወደ ላይ ወደ ላይ ይወጣና ቀጭን ድምፅ ላይ ሲደርስ ያልቃል። ዝም። መጀመሪያ አልጣመኝም፤ ኋላ ግን የፈረንሳዮች አጨራረስ እንዲህ ነው ብዬ አመንኩ፤ ጭራሽ ኮራሁበት። ባለቤቴ አንድ እሑድ ቁጭ ብሎ አዳመጠኝና «አለቀ?» አለ። አለቀ አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀና ለእሱ ማርሹ እንደሚሻለው ነገረኝ። ቅር አላለኝም፤ ወደ ጎሚስታው ሲሄድ መጀመሪያ ላይ ያለውን ዜማ በፉጨት ይዞት እንደወጣ ሰምቻለሁ።

እትዬ ግን አልተውኝም። እሳቸው ፊት ሙሉውን የተጫወትኩ ቀን፣ ክላሪኔቷን ከአፌ ሳወርድ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መጠበቃቸውን ቀጠሉ።

«ጨርሻለሁ እትዬ» አልኩ።

«አልጨረስሽም።»

እንደዚህ ነው የሚያልቀው፣ ዘመናዊ ነው፣ ምናምን ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ፈረንሳዮችን አውቃቸዋለሁ» አሉ። «ሳይሰናበቱ አይሄዱም። መነኮሳቱ በር ላይ ሲሰነባበቱ እኛ ልጆቹ እግራችን ይዝል ነበር።»

ቤቴ ገብቼ ስልኬ ላይ ያለውን ፋይል እስከ ታች ወረድኩ። አንድ ገጽ ቀርቷል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ወረቀት አልቆ ነበር መሰለኝ፤ ሰውየውም እኔም አላየንም። ስንት ጊዜ፣ ስንት ሳምንት ግማሹን ሙሉ ነው ብዬ ስጫወት ኖሬያለሁ።

በማግስቱ ካዛንቺስ ስሄድ ፎቶ ኮፒ ቤቱ የነበረበት መደዳ ፈርሷል። ፍርስራሹ ተጠርጎ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ቦታውን ያወቅሁት ማዶ ባለው ዛፍ ነው። አጠገቤ አንድ ሰውዬም እንደ እኔ ቆሞ ያያል፤ ልብስ ሰፊውን ፈልጎ ነው የመጣው። ኮፒ ቤቱ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አልተገኘም። ደምበል አካባቢ ሌላ ቤት አገኘሁና የጎደለችዋን ገጽ አወጣሁ። ቆሜ እዚያው ባንኮኒው ላይ አነበብኳት። ጭፈራው ያበቃል፤ የመጀመሪያው ዜማ ይመለሳል፤ መጨረሻው ላይ ድምፁ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል፤ ከላዩ ረዘም ያለ ቃል ተጽፏል።

ቃሉን ሳላስነብብ ተለማመድኩት። ድምፅ ሲያንስ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ ብዬ ነው፤ ማዘግየት፣ ማሳሳት፣ እንደ ደከመ ሰው መጨረስ። እትዬ ሰምተው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«መጨረሻ ላይ ምን ሆነች? ታመመች እንዴ?»

እየቀነስሽ ሂጂ ነው የሚለው አልኳቸው። የት እንደሚል ጠየቁኝ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው አነበቡ፤ ከዚያ ለራሳቸው በፈረንሳይኛ ደገሙት።

«እየቀነሰች አይደለም የሚለው። እየራቀች ነው የሚለው» አሉ። «አልደከመችም። የእኔ ስልክ ቤት መስኮቱ ወደ ሐዲዱ ነበር። ባቡሩ ሲወጣ ድምፁ ያንሳል እንጂ ባቡሩ አያንስም፣ ልጄ። እንዲያውም ፍጥነት የሚጨምረው ያን ጊዜ ነው። የቀረነው እኛ ነን።»

እዚያው፣ እሳቸው ፊት፣ እንደገና ነፋሁት። ሳላዘገይ። ድምፁን ብቻ እየወሰድኩ፣ ትንፋሼን ግን ሙሉ አድርጌ ይዤ። ከባድ ነው፤ ለሚያንስ ድምፅ ከሚጎላው ይልቅ ብዙ ትንፋሽ ያስፈልጋል። ስጨርስ እትዬ ተነሥተው ውኃ ቀድተው ሰጡኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከባንዱ ተደወለልኝ። አለቃችንም በተራቸው ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ሽኝት አዘጋጅተንላቸዋል፣ የድሮዎቹ መጥታችሁ አብራችሁን ትነፋላችሁ ተባለ። ስልኩን ልዘጋ ስል አፌ ራሱ ተናገረ፦ ብቻዬን አንድ ነገር መጫወት እችላለሁ ወይ አልኩ። ደዋዩ ፒያኖ ያስፈልግሻል እንዴ አለኝ። ምንም አያስፈልገኝም አልኩት። ይህን ስናገር ድምፄ ለራሴም እንግዳ ነበር።

ሽኝቱ እሑድ ከሰዓት ካዛንቺስ ውስጥ ባለ ሆቴል አዳራሽ ነበር። እትዬን በታክሲ ይዣቸው ሄድኩ፤ ባለቤቴም የእጁን ጥቁረት በግማሽ ሎሚ ፈትጎ፣ ኮት ለብሶ መጣ። መጀመሪያ ሁላችንም አብረን ማርሽ ነፋን፤ የድሮ ቦታዬ ላይ ገብቼ፣ ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ትንፋሽ እየተያያዝኩ። ከዚያ ተራዬ ደረሰና ወደ ፊት ወጣሁ። ከአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ብቻዬን ቆሜ አላውቅም። የመጀመሪያው ድምፅ ተንቀጠቀጠ።

ሁለተኛው ሐረግ ላይ ረጋሁ። ከጭፈራው በፊት ረዘም ያለ ዝምታ አለ፤ እዚያ ላይ አንድ ሰው ያለቀ መስሎት አጨበጨበ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ምን ላድርግ? ክላሪኔቷን ከአፌ ሳላርቅ ቆምኩ። የፊት ወንበር ላይ የነበሩት እትዬ ዞር ብለው «ገና ናት» አሉ፤ ጮክ ብለው አይደለም፤ እንደ ድሮው ሥራቸው መስመር ላይ ያለ ሰው እንዲጠብቅ እንደሚናገሩት ነው። አዳራሹ ትንሽ ሳቀና ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጣቶቼ ያውቁታል፤ እኔ ብዙ አላስታውሰውም። መጨረሻው ላይ ያለውን ብቻ አስታውሳለሁ። ድምፄ ሲርቅ ሰው ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ዘንበል አለ።

አለቃችን ወደ እኔ ሲመጡ እንደ ልማዴ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ይህን የጻፈው ማን ነው አሉኝ። ስሙን ነገርኳቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሙዚቃ ውስጥ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሰቡና ሰምተውት እንደማያውቁ ተናገሩ።

«ማንም አያውቀውም» አልኳቸው።

«ምን አለበት» አሉ። «እኛንስ ማን ያውቀናል? ነፍተናል ግን።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያን ሁሉ ዓመት ከፊታቸው ተቀምጬ ድምፄ እንዲህ እንደሆነ አለማወቃቸውን ነገሩኝ። እኔም አላውቅም ነበር አልኳቸው። ስለ ክላሪኔቷ ላመሰግናቸው ፈልጌ ነበር፤ ሰው መሃላችን ገባና ሳልናገር ቀረሁ። በሳምንቱ ቤታቸው ሄጄ በደንብ አመስግኛቸዋለሁ።

ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት መካከል አሁን ባንዱ ውስጥ የሚያገለግሉ ሁለት ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ሁለቱም ሁለተኛ ክላሪኔት። የስልክ ቁጥሬን ተቀብለውኝ ሄዱ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ይመጣሉ። ከድረ ገጹ ላይ ሌሎች የተረሱ ሥራዎች አውጥተናል፤ አንዱ ስለ ወፍ ነው፣ አንዱ ጣት ለማፍታታት ተብሎ የተጻፈ መስሎ ውስጡ ሐዘን ያለበት ነው፣ አንዱን ደግሞ ሦስታችንም አልወደድነውም። እትዬ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ቃላቱን ያነቡልናል፤ ልጆቹ ደግመው ሲሉ አነጋገራቸውን ያርማሉ። የማያውቁት ቃል ሲመጣ አላውቅም ይላሉ፤ እሱን በግምት እንነፋዋለን።

ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ስለወረደ ምንም አልተሰማንም። ሻይ ጠጥተን እስኪያባራ ጠበቅን። ካባራ በኋላ ታናሽየዋ ስለ ወፏ ያለውን መጫወት ጀመረች። እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልጅቷ እንዳትቀሰቅሳቸው ብላ ልታቆም ስትል በእጄ ቀጥይ አልኳት፤ ቀጠለች።